ሩጫቸውን የጨረሱ ፈረሶችና ቀለብ ሰፋሪዎቻቸው

በናይሮቢ ከተማ በካሪዮኮር በኩል የሚያልፍ «ሬስ ኮርስ ሮድ» የሚባል መንገድ አለ። ከእኛ ከኢትዮጵያውያን መካከል፣ በተለይም ኢስሊ ኖሮ ከሚያውቀው፣ በማታቱ ተጨናንቆ በዚህ መንገድ ያላለፈ ያለ አይመስለንም። ስሙ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ መንገድ እንደማለት ነው። ዛሬ ግን ግራ ቀኙን ቢያዩ ሱቁ፣ ገበያተኛውና በሰው የሚገፋው ጋሪ እንጂ አንድም ፈረስ ዐይን አይገባም።

ስሙ የቀረው ሜዳው ስለነበረ ነው። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት (ከዚህ በታች ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዞቹ ገና ከተማዋ ድንኳንና ቆርቆሮ ሳለች ነበር የፈረስ ውድድር ክበብ ያቋቋሙት። እስከ 1954 ድረስ ውድድሩ በዚሁ በካሪዮኮር አካባቢ ሲካሄድ ቆይቶ በዚያ ዓመት ዛሬ ወዳለበት ወደ ንጎንግ መንገድ ተዛወረ። ካሪዮኮር የሚለው ስም ራሱ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት ሲሸከሙ ካለቁት አፍሪቃውያን፣ «ካሪየር ኮር» ከተባለው የተሸካሚዎች ክፍል ነው። የተሸካሚዎች መታሰቢያና የባላባት ፈረስ መሮጫ በአንድ ሰፈር መገናኘታቸው ያስገርማል።

በዚያ ዘመን ስመ ጥር ከነበሩት አንዷ ቤሪል ማርካም ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1936 አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻዋን በአውሮፕላን በመሻገሯ ነው። ከዚያ በፊት ግን ገና በልጅነቷ የፈረስ አሠልጣኝነት ፈቃድ ያገኘች፣ በ1926 «ዋይዝ ቻይልድ» በምትባል ባዝራ የናይሮቢን ሴንት ሌጀር ውድድር ያሸነፈች ባለሙያ ነበረች። ባዝራይቱ የእግሯ ጅማት ደካማ ስለነበር ብዙዎች ተስፋ ቆርጠውባት ነበር ይባላል። ይህን የምናነሣው ለጀብዱው ብለን አይደለም። የውድድር ፈረስ ኑሮ በአራት ቀጫጭን ጅማቶች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ጅማቱ የበጠሰ ዕለት ሜዳው አበቃለት። እኛም በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ልንተርክ የፈለግነው ከዚያ ዕለት በኋላ ያለውን፣ ማለትም የፈረሱንና ለፈረሱ ቀለብ የሚሰፍሩለትን ሰዎች ታሪክ ነው።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል ወገን አይጠፋም። ለፈረስ ግን እኛ ባዕድ አይደለንም። አባቶቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ደግሞ አባ ነፍሶ። ጃንሜዳም የጥምቀት ሜዳ ብቻ ሳይሆን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። በአዊ ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተመሥርቶ እስከ ዘመናችን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ኖሯል፤ መነሻውም በዐድዋ ዘመን የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ነው። ፈረስን ለውለታው የሚያስብ ማኅበር በአገራችን ሰማንያ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ሆኖም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ሕዝባችን፣ ካደረሰ በኋላ ፈረሱ የት እንደሚገባ ተረት አላወጣለትም።

እስቲ ሂሳቡን እንመልከት። ለእሽቅድምድም የሚረባው የእንግሊዝ ዘር ፈረስ ሩጫ የሚጀምረው በሁለት ዓመቱ ነው። አብዛኞቹ ስድስትና ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ከሜዳ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ አቅሙ ስለማያሸንፍ፣ አንዳንዱ እግሩ ስለሚጎዳ። ዕድሜው ግን ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ አምስት ዓመት ለሮጠ ፈረስ ሃያ ዓመት ጡረታ ይቀረዋል። አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ አሥር ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል። በሃያ ዓመት 730 ኩንታል መሆኑ ነው! በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ሰኮናው መከርከም፣ በየዓመቱ ጥርሱ መሞረድ አለበት፤ የሆድ ትል መድኃኒትና የሐኪም ዋጋ ሳይቆጠር። ሽልማት ያመጣ በነበረ ጊዜ ይህን ሁሉ ባለቤቱ በደስታ ይከፍላል። ሽልማቱ ሲቀር ግን ከፋዩ ማን ነው?

በብዙ አገር መልሱ ቄራ ሆኖ ኖሯል። ዕድለኛው ለፖሎ ጨዋታ፣ ለግልቢያ ትምህርት ቤት ወይም ለርቢ ይሸጣል፤ እዚህ ኬንያም ከንጎንግ የወጡ ፈረሶች በፖሎ ሜዳና በግልቢያ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። በ1910 የተመሠረተው የኬንያ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ከውሻና ከድመት ጋር አህያና ፈረስ ሲያስጠልል ኖሯል።

ጡረታ የወጣን ፈረስ በሕዝብ መዋጮ የመደገፍ ታሪክ አንዱ ታላቅ ምዕራፍ የተጻፈው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓባያችን በሚወርድባት በካይሮ ነው። ፈረሶቹ የውድድር ሳይሆኑ የጦር ነበሩ። በ1918 ጦርነቱ ሲያልቅ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶቹን ወደ አገሩ ከመመለስ ይልቅ በሺህ የሚቆጠሩትን እዚያው ግብፅ ውስጥ ሸጣቸው። በ1930 ዶርቲ ብሩክ የምትባል የጦር መኮንን ሚስት ካይሮ ስትደርስ ያገኘቻቸው ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ አጥንታቸው የወጣ፣ አንዳንዶቹም የታወሩ፣ ድንጋይና አሸዋ የሚጎትቱ ፈረሶችን ነበር። በ1931 ለንደን ለሚታተመው ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። አንባቢዎቹ ገንዘብ ላኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሺህ ያህል ፈረሶች ተገዙ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብላችሁ አንብቡልን። ወይዘሮዋ ከገዛቻቸው ፈረሶች አብዛኞቹን በሕይወት አላቆየችም። ጥቂት ቀን መልካም ሣር፣ ውኃና ጥላ ሰጥታ ያለ ሥቃይ እንዲያርፉ አደረገች። ገንዘቡን ከላኩት መካከል ፈረሶቹ በለምለም መስክ ሲፈነጩ በዐይነ ልቡናው የሳለ ብዙ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እርሷ ግን ያረጀና የተሰባበረ እንስሳ ምን እንደሚያስፈልገው ታውቅ ነበር። ሌላም ነገር አስተዋለች፤ ፈረሶቹን የሚያሠሩት ሰዎች ጨካኞች ሳይሆኑ ድሆች ነበሩ። ስለዚህ ፈረሱን ስትወስድ ሌላ እንስሳ መግዣ የሚሆን ዋጋ ትከፍላቸው ነበር። በ1934 ደግሞ ለካይሮ ሠራተኛ ፈረሶችና አህዮች በነፃ የሚያክም ሆስፒታል አቆመች። በ1955 ስታርፍ የተቀበረችው እዚያው ካይሮ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። የውድድር ፈረሶችን በስፋት የማሳረፍ ሥራ እዚያ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞኒክ ኬለር የተባለች ሴት ባቋቋመችው ድርጅት ነው፤ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ የዘር ፈረሶች ጡረታ ድርጅት እንደማለት ይሆናል። ገንዘብም መሬትም አልነበራትም። የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ በዎልኪል በሚባል ቦታ ባለው እስር ቤቱ ሰፊ የእርሻ መሬትና ሥራ ፈት የሆኑ እስረኞች ነበሩት። ሃዋርድ ኖላን የሚባሉ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሁለቱን አገናኙ። ግዛቱ መሬቱንና ጉልበቱን ሊሰጥ፣ ድርጅቱ ፈረሶቹንና ሙያውን ሊያመጣ ተስማሙና በ1984 ሥራው ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ፈረሶች የአንዱ ስም «ፕሮሚስድ ሮድ» ነበር፤ የተስፋው መንገድ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። አብዛኞቹ እስረኞች የከተማ ልጆች ናቸው፤ ፈረስ በፊልም ካልሆነ በቅርብ አላዩም። ጋጣ መጥረግ፣ ሰኮና ማንሣት፣ ያበጠ ጅማት በእጅ ዳብሶ ማወቅ፣ ቁስል ማጠብ፣ የፈረስን አጥንትና ጡንቻ በስሙ መጥራት ይማራሉ፤ ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ፈረስ የሰውን የወንጀል መዝገብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድምፅህ ከፍ ብሏል ወይ፣ እጅህ ቸኩሏል ወይ ብቻ ነው። በቁጣ የቀረበውን ይሸሸዋል፣ ረጋ ብሎ የቀረበውን ይቀበላል። ይህ አሠራር ኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቶ በፍሎሪዳ በሴቶች እስር ቤት ሳይቀር ተተክሏል። ሁለት ማንም የማይፈልጋቸው ወገኖች አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ማየት ያስገርማል፤ ነገሩ የተጀመረው ግን በጥበብ ሳይሆን በገንዘብ እጦት ነበር።

ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር የቀሰቀሰው ግን የአንድ ፈረስ ሞት ነው። ፈርዲናንድ በ1986 የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈ፣ በ1987 የዓመቱ ፈረስ የተባለ ነበር። በ1994 ለርቢ ወደ ጃፓን ተሸጠ። በ2003 አንድ የፈረስ ስፖርት መጽሔት ዱካውን ሲከታተል ፈረሱ በ2002 መታረዱን ደረሰበት። በመላው አሜሪካ ያጨበጨበለት ፈረስ! አንዳንድ ባለፈረሶች «ፈርዲናንድ» የሚል ስም የሰጡትን የፈቃደኝነት መዋጮ በየሩጫው መክፈል ጀመሩ። በዚያው በ2003 በቦስተን ጋዜጣ የፊልም ሐያሲ የነበረው ማይክል ብሎወን በኬንታኪ «ኦልድ ፍሬንድስ»፣ የጥንት ወዳጆች፣ የተባለውን የፈረሶች መጦሪያ አቋቋመ። ዘዴው ቀላል ነው። ሰው ዝነኛውን ፈረስ ማየት ይወዳል፤ ስለዚህ ጎብኚ ይመጣል፣ ካሮት ያጎርሳል፣ ገንዘብ ይሰጣል፤ በዝነኛው ስም የመጣውም ገንዘብ ስም የሌላቸውን ጭምር ይቀልባል። የ1997 ደርቢ አሸናፊ ሲልቨር ቻርም በ2014 መጨረሻ ከጃፓን ተመልሶ እዚያ ሲገባ፣ የፈርዲናንድ ጸጸት በጥቂቱም ቢሆን የተካሰ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ለማኅበር ሰዎች ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ቀጣዩ ክፍል ነው። ኬለር ያቋቋመችው ድርጅት ከዓመት ዓመት ፈረስ መቀበሉን ቀጠለ። ከባለጸጋው ከፖል ሜሎን ኑዛዜ አምስት ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ ተስፋው ሰፋ፤ የፈረሶቹም ቁጥር ከአንድ ሺህ አለፈ። ፈረሶቹ በልዩ ልዩ ግዛቶች በኮንትራት እርሻዎች ተበትነው ነበር። በ2011 ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ለእርሻዎቹ የሚከፈለው ገንዘብ እየዘገየ አንዳንዶቹ ፈረሶች ለረኀብ ተጋልጠው ተገኙ፤ ድርጅቱ ወቀሳውን ተቃወመ። በ2012 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ የድርጅቱን ቦርድ ከሰሰ፤ ኋላም ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ድርጅቱ ሥራውን ቀጠለ።

ከቄራ የዳነ ፈረስ በአዳኙ እጅ ሲራብ ማየት ምን ያህል ያሳፍራል! ሆኖም በዚያ ቦርድ ላይ ድንጋይ ለመወርወር አንቸኩልም። «እምቢ» ማለት ስላቃታቸው ነው የወደቁት። ደጅህ ላይ መኪና ቆሞ፣ ውስጡ ፈረስ ቆሞ፣ «ካልተቀበልከው ነገ ይታረዳል» ስትባል ምን ትላለህ? ግን አንድ ፈረስ መቀበል የሃያ ዓመት ቃል ኪዳን ነው፤ የዛሬው ርኅራኄ የነገውን ድርቆሽ አይገዛም። ችግረኛ ሲገኝ የመጀመሪያው ወር መዋጮ ሞልቶ እንደሚፈስ፣ በስድስተኛው ወር ግን በየቤቱ ዞሮ ማስታወስ ግድ እንደሚሆን የማያውቅ የማኅበር ገንዘብ ያዥ የለም። ከካይሮዋ ወይዘሮና ከአሜሪካው ቦርድ የማን ልብ ይበልጥ ርኅሩኅ እንደነበር መፍረድ ያስቸግራል። እንደ እኛ አስተያየት ግን ከባዱን የመረጠችው እርሷ ናት፤ ልትቀልበው የማትችለውን «አሳድጌዋለሁ» አላለችም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተሻሽሏል። በእንግሊዝ በ2000 የውድድሩ ዓለም ራሱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ዓላማውም ፈረሶቹን ለሌላ ሥራ እንደገና ማሠልጠን ነው። በአሜሪካም በ2012 መጠለያዎችን እየመረመረ የብቃት ማረጋገጫና ገንዘብ የሚሰጥ ኅብረት ተመሠረተ። ዋናው ለውጥ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ቀድሞ የሚለመነው የሰው ኪስ ብቻ ነበር፤ አሁን ከባለፈረሱ፣ ከአርቢውና ከሜዳው ባለቤትም መዋጮ ይሰበሰባል። ጡረታው ፈረሱ ሳይሮጥ በፊት ታሰበ ማለት ነው።

አዲስ ቤት የማግኘቱ ሥራ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የውድድር ፈረስ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲወጣበት መሮጥ። ቆሞ መጠበቅ፣ በእርጋታ መራመድ፣ ከሌሎች ፈረሶች ጋር በሜዳ መዋል፣ መኪና ሲያልፍ አለመደንገጥ ሁሉ አዲስ ትምህርት ነው። ሆዱም በእህል የለመደ ስለሆነ ወደ ሣርና ድርቆሽ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ወራት ከተማረ በኋላ የሚወስደው ሰው ይፈለጋል። ሰውየው የመጋለብ ችሎታው፣ ሜዳው፣ አጥሩ፣ ገቢው ይጠየቃል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ፈረሱን ለመውሰድ ለመጣ ሰው አይሸጡም፤ በውሰት ይሰጡና እየሄዱ ይጎበኛሉ፤ መልሶ መሸጥም ሆነ ማሮጥ ክልክል ነው፣ ኑሮው ካልተመቸ ፈረሱ ይመለሳል። ጉዲፈቻን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጉዲፈቻ ልጅም አሳዳጊው ቤት ገባ ተብሎ አይረሳም።

ደጋፊዎቹስ እነማን ናቸው? ኑዛዜ የሚተው ባለጸጋ ጥቂት ነው። የሚበዙት በየወሩ ትንሽ ገንዘብ የሚልኩ ጡረተኞች፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋጣ የሚጠርጉ ተማሪዎች፣ አሮጌ ብርድ ልብስና ኮርቻ የሚሰጡ ቤተሰቦች ናቸው። ብዙዎቹ ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም።

«ሰው እየተራበ ለፈረስ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም መካከል ተነሥቷል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንት ጊዜ የተዋጣ፣ ስደተኛ ወገኑን በየጓዳው ያስጠለለ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሳችን ከካይሮው ሆስፒታል ይነሣል። በዶርቲ ብሩክ ስም የሚጠራው ድርጅት ከዘመናት በኋላ ሥራውን ወደ ኢትዮጵያም ወደ ኬንያም አድርሷል፤ በአገራችን የሚደርሰው ለጋሪ ፈረሶችና ለአህዮች ነው። የቢሾፍቱን፣ የሻሸመኔን፣ የሐዋሳን ባለጋሪ እናስታውስ። ፈረሱ ጀርባው ሲቆስል ወይም ሲያነክስ የቤቱ እንጀራ አብሮ ያነክሳል። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀረው በዚያ ሳምንት ነው። በ1931 የለንደን ጋዜጣ አንብባ ለአሮጌ የጦር ፈረስ ጥቂት ሺሊንግ የላከች ሴት፣ መዋጮዋ ከሰባና ሰማንያ ዓመት በኋላ የአንድ ባለጋሪን ቤት እንደሚደጉም በምን ታውቅ ነበር?

እዚሁ በናይሮቢም ለፈረስ ቅርብ የሆኑ፣ ስማቸው በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የማይታተም ሰዎች አሉ። «ሳይስ» ይባላሉ፤ በእኛ ባልደራስ እንደምንለው ያሉ የፈረስ ጠባቂዎች ናቸው። ፈረሱን ጎሕ ሲቀድ የሚያወጡት፣ ከሩጫ በኋላ ላቡን የሚያደርቁት፣ ጅማቱ መሞቁን ከሐኪሙ በፊት በመዳፋቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የትኛው ፈረስ ለፖሎ እንደሄደ፣ የትኛው ለሕፃናት መለማመጃ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልተመለሰ ቢጠየቁ ይናገራሉ። በውድድር ወቅት እሑድ ከሰዓት ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ንጎንግ ሜዳ ስትወጡ፣ ሩጫው ካለቀ በኋላ ፈረሶቹ ወደሚንሸራሸሩበት ጎራ ብላችሁ አነጋግሯቸው። የእኛ የትልልቆቹ ስዋሂሊ አያስተማምንም፤ ልጆቻችን ያስተረጉሙልን።